«ጭንቅላት የለኝም» ለሚል ልጅ

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪ። እስከ 6ኛ ክፍል ከአስረኛ ደረጃ ወርዶ አያውቅም። 7ኛ ክፍል ገብቶ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ሲሆኑበት ወረደ፤ በዚህ መንፈቅ ዓመት ከ58 ተማሪዎች 49ኛ ሆነ። ከኳስ በቀር የሚያስደስተው ነገር የለም፤ የስፖርት ዜና ግን አንድም ቀን አያመልጠውም። ቁመቱ ስለጨመረ ከፊት ወንበር አንሥተው መጨረሻ ላይ አስቀምጠውታል። «አጥና» ስለው «ጭንቅላት የለኝም፣ ተዪኝ» ይላል፤ «ራሴን አመመኝ» ማለትም ያበዛል። አባቱ ከታላቅ እህቱ ጋር እያወዳደረ ይቆጣዋል። በቅርቡ ትምህርት ቤታቸው የመጣ አሠልጣኝ ስለ አዎንታዊ ሥነ ልቦና አስተምሯቸው «እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እችላለሁ» የሚል ወረቀት መስታወት ላይ ለጥፈው በየጠዋቱ እንዲያነቡ ነገራቸው። ልጄ ሁለት ሳምንት አነበበ። ከዚያ የሒሳብ ፈተናው 9 ከ30 ሆኖ ሲመለስለት ወረቀቱን ቀዳደደው። ይህ ትምህርት በእርግጥ ይጠቅማል ወይስ ማጽናኛ ብቻ ነው?

ምላሽ፦ ወረቀቱን መቅደዱን እንደ ጥፋት አድርገው ጽፈውልኛል። እኔ ግን ፍርዱን ወደድሁለት። ጠዋት መስታወቱ ላይ «ጎበዝ ነኝ» የሚል ወረቀት አለ፤ ከሰዓት በኋላ 9 ከ30 የሚል ሌላ ወረቀት መጣ። አንደኛው በቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ በጥያቄ የታረመ ማስረጃ አለው፤ ሌላኛው ባዶ ቃል ነው። ልጁ ማስረጃ የሌለውን ቀደደ። እንዲህ አድርጎ የሚያመዛዝን ልጅ ጭንቅላት የለውም አይባልም።

አዎንታዊ ሥነ ልቦና ይጠቅማል። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ግን፣ ቢበዛ ምኞት ነው። ልዩነቱ እንዲታይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ዘርፉ በዚህ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ማርቲን ሴሊግማን የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ ባልደረቦቹ የሰውን ሕመም ብቻ ሳይሆን ብርታቱንም እንዲያጠኑ መወትወት ከጀመረ ወዲህ ነው። የራሱ የሴሊግማን መነሻ ግን ተስፋ መቁረጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ከስቲቨን ማየር ጋር በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በውሾች ላይ ሙከራ ሠሩ፤ ዛሬ ቢሆን ማንም አይፈቅድላቸውም። ውሾቹ በኤሌክትሪክ ይነዘራሉ። ገሚሶቹ አንድ ሰሌዳ በጭንቅላታቸው ሲገፉ ንዝረቱ ይቆምላቸዋል፤ ሌሎቹ ምንም ቢያደርጉ አይቆምላቸውም። በማግስቱ ሁሉም በአጭር አጥር የተከፈለ ሳጥን ውስጥ ገቡ። እዚህ ከንዝረቱ ለማምለጥ አጥሩን መዝለል ብቻ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ዘለሉ። ከሁለተኞቹ አብዛኞቹ ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉት።

ይህ ለዓመታት «እንስሳው አቅመ ቢስነትን ተማረ» ተብሎ ሲተረጎም ኖረ። ሁለቱ ሰዎች ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይተው፣ የአንጎል ምርምሩን ካዩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የገዛ ትርጓሜያቸውን ገለበጡት። ላልቆመ መከራ እጅ ሰጥቶ መቀመጥ አንጎላችን ይዞት የተፈጠረው ምላሽ ነው፤ አስተማሪ አይፈልግም። በትምህርት የሚገኘው ተቃራኒው ነው፤ «እኔ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው። ከዚህ ዘርፍ ለወላጅና ለመምህር አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ልጅዎ ከ7ኛ ክፍል ወዲህ አጥንቶም ወደቀ፣ ሳያጠናም ወደቀ። ሰሌዳውን ቢገፋም ባይገፋም ንዝረቱ አልቆመለትም። ስለዚህ ተኛ።

በዚህ ላይ አማርኛችንም ከልጆቹ ጋር አይወግንም። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል አስተውለውት ያውቃሉ? ትምህርት ቤት ውስጥ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ሁሉ ሰነፍ ነው። ቤት ውስጥ ሥራ የማይወድ ሰው ሰነፍ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ደግሞ ሰነፍ ማለት ሞኝ፣ ማስተዋል የጎደለው ነው። ሦስቱም በአንድ ቃል! መምህሩ ውጤቱን ለመግለጽ «ሰነፍ ተማሪ» ሲል፣ ልጁ የሚሰማው ሦስቱንም ፍርድ ነው። መንስኤው ሳይመረመር ምርመራው አለቀ። እኔ ቢሮዬ ለሚመጡ መምህራን ይህን ቃል እንዳይጠቀሙ እለምናለሁ። «ውጤቱ ዝቅ ያለ» ማለት ይረዝማል፤ ይርዘም።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው 9 ከ30 ካለበት ወረቀት ነው። እሱንም ቀድዶት ካልሆነ።

አንድ ጊዜ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ከ20 ጥያቄ 6 ያገኘችበትን የሒሳብ ፈተና ይዛ መጣች። አሥራ አራቱን ስህተቶች አብረን በሦስት ከፈልናቸው። ሁለቱ ቁጥር ስትገለብጥ የተሳሳተቻቸው ናቸው። ሰባቱ በሙሉ ክፍልፋይ አለባቸው፤ እሱም የ5ኛ ክፍል ትምህርት ነው። የቀሩት አምስቱ የሒሳብ ስህተት አልነበሩም። ከነዚህ መካከል አራቱ በአንድ ትእዛዝ ሥር የተሰጡ ጥያቄዎች ነበሩ፤ ትእዛዙ «ሲምፕሊፋይ» ይላል፤ አቃልሉ ማለት ነው። ልጅቱ አራቱንም ባዶ ትታ፣ ጥግ ላይ ከነሱ ውስጥ አንዱን ጀምራ ሰርዛዋለች። «ሲምፕሊፋይ ማለት ምንድን ነው?» አልኳት። «ቀላሉን ሥሩ» አለችኝ። ከአራቱ ቀላሉ የትኛው እንደሆነ ስትመርጥ ሰዓቱ አልቆባት ነበር።

ይህችን ልጅ «አይዞሽ፣ ትችያለሽ» ብዬ ብሸኛት ምን እጠቅማት ነበር? ወይም ክፍል ውስጥ እንደተባለችው «አታጠኚም» ብላት? ያደረግነው ሌላ ነው። የትእዛዝ ቃላትን በየሳምንቱ ስምንት ስምንት እያደረገች፣ በአንድ በኩል እንግሊዝኛውን በሌላው በኩል የአማርኛ ፍቺውንና አንድ የተሠራ ምሳሌ የምትጽፍበት ትንሽ ደብተር ያዘች። ለክፍልፋዩ የ5ኛ ክፍልን የሒሳብ መጽሐፍ በአማርኛ አወጣን። ታናሽ ወንድሟ እንዳያይባት ሽፋኑን በጋዜጣ ለበደችው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ መማር ለልጅ ውርደት ነው፣ ክብሩን የሚጠብቅ ልባጥ ያስፈልገዋል። የልጅዎም ነገር ከዚሁ የራቀ አይመስለኝም። እስከ 6ኛ ክፍል ከአስረኛ ያልወረደ ልጅ በአንድ ክረምት ጭንቅላቱ አይጠፋም፤ የጠፋው ቋንቋው ነው። ይህንኑ ለራሱ ይንገሩት፣ ግን ፈተናውን ከፊቱ ዘርግተው፣ ስህተቶቹን ራሱ እንዲከፍላቸው አድርገው። «ጭንቅላት የለኝም» የሚለው ፍርድ «እነዚህን አሥራ አምስት ቃላት አላውቃቸውም» ወደሚል ሲወርድ ፊቱ ላይ የሚያዩት ነገር፣ አዎንታዊ ሥነ ልቦና የምንለው ያ ነው።

ቀጥሎ የዕለት ሥራው መጠን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ አልበርት ባንዱራና ዴል ሹንክ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥናት አለ። መቀነስ የማይችሉና ሒሳብ የሰለቻቸው ከሰባት እስከ አሥር ዓመት የሆኑ ልጆች 42 ገጽ መልመጃ ተሰጣቸው፣ ለሰባት ክፍለ ጊዜ። ለአንዱ ቡድን «በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ስድስት ገጽ ለመጨረስ ሞክሩ» ተባለ፤ ለሌላው «በመጨረሻው ቀን 42ቱን ለመጨረስ»። ወረቀቱ አንድ፣ ሥራው አንድ። የስድስት ገጹ ቡድን በችሎታውም በልጦ ተገኘ፣ «እችላለሁ» በሚለው እምነቱም፣ ማንም ሳያዝዘው መቀነስን ለመሥራት በነበረው ፍላጎትም። በየዕለቱ የሚደረስበት ነገር ስለነበራቸው ነው። እኛ ግን ለልጆቻችን የምንሰጠው 42 ገጹን ነው፤ «ዘንድሮ ሚኒስትሪ አለብህ!» ብለን።

ልጅዎ በቀን አምስት ጥያቄ ይሥራ፤ ከሃያ ደቂቃ አይለፍ። አራቱ እንደሚችላቸው የሚታወቁ፣ አንዱ የሚከብደው ይሁን። የዕለቱን ቀን ጽፎ በዚያው ደብተር ይሥራና ራሱ ያርመው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ያንን ያቃተውን አምስተኛ ጥያቄ ድጋሚ ይሥራው። መስታወት ላይ መለጠፍ ያለበት ነገር ካለ ያ ገጽ ነው።

«ለምን አምስቱንም ቀላል አናደርግለትም? ይበረታታ የለም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ብዙ ወላጅ ይህን ይጠይቀኛል፤ መልሱን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1975 ሞክራዋለች። በሒሳብ ሲሳሳቱ ወዲያው እጅ የሚሰጡ 12 ልጆችን ለሁለት ከፈለች። ግማሾቹ ለሳምንታት የሚሳካላቸውን ብቻ ሠሩ። ሌሎቹ አልፎ አልፎ ይወድቁ ነበር፤ ሲወድቁም ምክንያቱ ችሎታ ማጣት ሳይሆን የጥረት ማነስ እንደሆነ ይነገራቸዋል። በመጨረሻ ሁሉም ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው፣ ሲሳካላቸው የከረሙት እንደ ቀድሟቸው ተንኮታኮቱ። ሁለተኞቹ ጸኑ። ስለዚህ አምስተኛው ጥያቄ ያስፈልጋል። ልጁ መውደቅን ከማያስፈራ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ መለማመድ አለበት።

እዚህ ላይ ግን ከድዌክ የዚያን ጊዜ አነጋገር ትንሽ እለያለሁ፤ እሷም በኋላ ባዶ የጥረት ሙገሳን ስትተች ኖራለች። ሦስት ሰዓት አጥንቶ ለወደቀ ልጅ «ጥረትህ አነሰ» ማለት ጭካኔ ነው። ጥረቱ ሳይሆን አካሄዱ ሊሆን ይችላል የተሳሳተው። አምስተኛዋ ስታቅተው «የትኛው መሥመር ላይ ነው የሳትከው?» ብለው ይጠይቁት። ሒሳቡን ባያውቁትም ይህን መጠየቅ ይችላሉ። ስህተቱ ሦስተኛው መሥመር ላይ ከሆነ፣ ሁለቱ መሥመሮች ትክክል ነበሩ ማለት ነው፤ ቀዩ ኤክስ ይህን አያሳይም።

ስለ ሙገሳም እንዲሁ። «ጎበዝ» የሚለው ቃላችን ጀግናውንም፣ ታታሪውንም፣ አእምሮው የፈጠነውንም ይሸፍናል፤ ከ«ሰነፍ» ይሻላል፣ ግን ልጁ ስለ ምን እንደተመሰገነ አያውቅም። የተደረገውን ስም ጠርተው ያመስግኑት፤ «ትናንት የተውካትን ዛሬ ተመልሰህ ሞከርካት»፣ «ምልክቱን ሳትረሳ ገለበጥህ»። እውነት ያልሆነውን ግን አንድም ቀን እንዳይሉት። ከአንገት በላይ የሆነን ምስጋና የ14 ዓመት ልጅ ከሩቅ ያሸተዋል።

ሁለት ሳምንት ካጠና በኋላ ውጤት ካላየ፣ የሚያጠናበትን መንገድ ደግሞ ይዩት። አብዛኛው ተማሪ ደብተሩን ደጋግሞ ያነባል፤ ሲያነበው ስለሚያውቀው የገባው ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡትን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ወረቀቱን በመዝጋት ያስታወሱትን ከጻፉት ጋር አነጻጸሩ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ 42 በመቶውን፣ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ይህን ለልጅ ማስረዳት ራሱ መድኃኒት ነው። «አጥንቼ ጠፋብኝ፣ ጭንቅላቴ አይቀበልም» ሲል የነበረው፣ የጠፋበት ምክንያት ጭንቅላቱ ሳይሆን አጠናኑ እንደሆነ ያውቃል። አጠናን ደግሞ ይቀየራል።

እንዲህ ያሉ አሠልጣኞች ስለሚያስተምሩት «ስኬትህን በዓይነ ሕሊናህ ሳለው» ዓይነት ነገር፣ ጠይቀውኝ ባይሆንም አንድ ነገር ልበል። ጋብሪየሌ ኦቲንገን የተባለች ጀርመናዊት ተመራማሪ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሥራ የሚሸጋገሩ ወጣቶች ስለ ወደፊት ሥራቸው ምን ያህል እንደሚያልሙ መዝግባ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ ጠየቀቻቸው። አብዝተው ያለሙት ያመለከቱባቸው ቦታዎች ያነሱ፣ ያገኙትም ደመወዝ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኘችው። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ፤ ወተቷን በምናብ የጠጣ ሰው ለማለብ አይነሣም። እሷ የምትመክረው ከምኞቱ ጎን እንቅፋቱን ማስቀመጥ ነው። ለልጅዎ እንቅፋቱ ምንድን ነው? መብራት መጥፋት ከሆነ «መብራት ከጠፋ ጠዋት ፊቴን እንደታጠብሁ አምስቱን እሠራለሁ» ብሎ አስቀድሞ ይወስን። የኳስ ጨዋታ ያለበት ምሽት ከሆነ «ጨዋታው ሳይጀምር»። ይህን ያህል ቀላል ነው፣ ግን በተጻፈ ጊዜ ይሠራል።

ስለ ኳሱ ደግሞ። «ከኳስ በቀር የሚያስደስተው የለም» ብለው እንደ ስሞታ የጻፉት ትልቁ ሀብትዎ ነው። የልጅን ብርቱ ጎን ፈልግ ሲባል ብዙ ሰው ለማጽናኛ ያውለዋል፤ «በሒሳብ ባትሆንም በኳስ ትሆናለህ» ይላል። ይህ ሒሳቡን ቀብሮ መሸኘት ነው። የደረጃ ሰንጠረዡን ጋዜጣ ላይ ያሳዩትና ይጠይቁት፦ ስምንት የግብ ዕዳ ያለበት ክለብ አምስት ለዜሮ ቢያሸንፍ ዕዳው ስንት ይቀረዋል? ሳያስብ «ሦስት» ይልዎታል። አሁን ደብተሩ ላይ ነጋቲቭ ስምንት ሲደመር አምስት ብለው ይጻፉለት። በነጋቲቭ ቁጥር የሚቸገር ልጅ ዕዳውን ሲያሰላ አይቸገርም፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማንም ስላልነገረው ነው። እኔ በዚህች አንዲት ጥያቄ ከአንድ በላይ ልጅ ከተኛበት ሲነሣ አይቻለሁ።

ወደ አባቱ እንምጣ። ሰውየውን አይፍረዱበት። ልጆቹን የሚያወዳድር አባት ብዙ ጊዜ የሚፈራ አባት ነው። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ቢልም ይህን በዜና የሰማ ወላጅ እንዴት አይደነግጥ? ግን ያስቡት፣ ከ58 ተማሪዎች ሁሉም ቢሻሻሉ እንኳ አንዱ 49ኛ ይሆናል። ደረጃ ልጁ ምን እንደቻለ አይናገርም። በቄስ ትምህርት ቤት እኮ ፊደል ያልለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ ያልጠራለት ወደ ዳዊት አይሻገርም ነበር፤ አንዱ በስድስት ወር፣ ሌላው በሁለት ዓመት ዳዊት ይደግማል፣ ሲደግም ግን ሁለቱም ደገሙ ይባላል። አለንጋውን አላወድስም። ያ ሥርዓት ግን 49ኛ የሚባል ልጅ አልነበረውም። ለአባቱ አንድ ሥራ ይስጡት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ገልጦ «ባለፈው ቅዳሜ ያልቻልከውን አንድ አሳየኝ» ብሎ ብቻ እንዲጠይቅ። እህቱን ማንሣት በሚፈልግበት ቦታ ያለፈውን ሳምንት ልጅ ያንሣ።

ከሒሳብ መምህሩ ዘንድም አንድ ጊዜ ይሂዱ፣ ለስሞታ ሳይሆን ለአንዲት ትንሽ ልመና። ልጁ ቤት ውስጥ በደንብ የሠራውን አንድ ጥያቄ አስቀድመው ይንገሯቸውና በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ እንዲያወጡት ይጠይቁ። 58 ልጆች ላሉበት መምህር ይህ የሦስት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

ተስፋዎን ግን በልክ ያድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመና በአሜሪካ 12,000 ያህል የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ችሎታ እንደሚያድግ የሚያስረዳ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ትምህርት የዝቅተኛ ተማሪዎችን አማካይ ውጤት ከፍ ያደረገው፣ ጣሪያው 4 ያህል በሆነ መለኪያ፣ በ0.1 ነጥብ ያህል ነው፤ እሱም የክፍል ጓደኞቻቸው ፈታኝ ሥራን በሚደግፉበት ትምህርት ቤት ይበልጥ ሠራ። ለሰዓት ሥራ መጥፎ አይደለም፣ ተአምር ግን አይባልም። ወሩን ሙሉ የሚሠራው የቃላቱ ደብተርና አምስቱ ጥያቄዎች ናቸው። ልጁ ኳሱንም ከተወ፣ እንቅልፉና ምግቡ ለሁለት ሳምንት ያህል ከተዛባ፣ ይህ የትምህርት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይውሰዱት።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመውን መጨረሻ ላይ ያደረግሁት እንዳይዘነጉት ነው። ልጅዎ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁመቱ ጨምሮ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄዷል፣ ውጤቱ ወርዷል፣ ራሴን አመመኝ ያበዛል። ሩቅ አለማየት በዚህ ዕድሜ መጀመሩ የተለመደ ነው፤ ልጆችም ሰው ሁሉ እንደዚያ የሚያይ ስለሚመስላቸው አይናገሩም። በዚህ ሳምንት ዓይኑን ያስመርምሩት፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ፊት ወንበር እንዲመልሱት ይጠይቁ።